የተገዘተው ተንቀሳቃሽ አጥር

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስሟ ቢጠራ በኩራት የምታብጥ አንዲት ቀበሌ አለች። በዚህች ቀበሌ ዘንድሮ ለበግ ዘር ሁሉ የሚተርፍ ታላቅ ሥልጣኔ ተፈጽሟል። ዓለም አልሰማም። ዓለም እንዲህ ናት፤ እግር ኳስ ስታወራ ትውልና የበግን ጉዳይ ትረሳዋለች። ስለዚህ እኔ፣ የአቶ ደምለው ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሁት ትምህርት በፈቀደልኝ መጠን፣ ነገሩን ለትውልድ አስተላልፋለሁ። ትውልድ ሆይ፣ ቁጭ በል።

መስከረም እንደ ጠባ አባቴ ሞጣ ሄደው ሥልጠና ወስደው መጡ። ሲሄዱ ጋቢ ለብሰው ነበር፤ ሲመለሱ በጋቢው ላይ ግንዛቤ ደርበውበት ነበር። ራት ቀርቦ፣ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ እናቴን ትክ ብለው አዩዋት።

«አምሳለች፣ በጎቻችን እስከ ዛሬ ሣር አልጋጡም።»

«ምን በልተው ነው ታዲያ የኖሩት?»

«በልተዋል! ግን በዘፈቀደ ነው የበሉት!»

እናቴ በዘፈቀደ መብላት ሆድ አይሞላም ሲባል ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም ሞጣ ድረስ ሄዶ የመጣን ሰው መከራከር ደግ ስላልመሰላት እጃቸውን አስታጠበቻቸው።

ጥበቡ እንዲህ ነው። ከቤታችን ጓሮ ያለው ግጦሽ ይከፋፈላል። በጎቹ በአንዱ ክፍል ገብተው ዙሪያቸውን በተንቀሳቃሽ አጥር ይታጠራሉ። ጥቂት ቀን ከጋጡ በኋላ አጥሩ ይነቀልና ቀጥሎ ባለው ክፍል ላይ ይተከላል፤ የተጋጠው ያርፋል፣ ያቆጠቁጣል። ዙሩ ሲያልቅ በጎቹ ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ይህ በፈረቃ መጋጥ ይባላል። የከተማ ሰው ውኃና መብራት በፈረቃ ሲደርሰው አቤቱታ ያሰማል፤ በግ ሣር በፈረቃ ሲደርሰው ግን ዕድገት ነው።

እኔ ራሴ ከማንም በላይ ወደድሁት፤ መውደዴን አልክድም። ወንድሜ ባጃጅ ሊነዳ ብቸና ሲገባ በጎቹ በእኔ ላይ ቀሩ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ቀረሁ። አብራኝ አንድ ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበረችው መክሊት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ እኔ ከበጎቹ ጋር ስለ አልጀብራ ብዙም አንነጋገርም። አባቴ ግን ያን ቀን ማሉልኝ፦

«አጥር ከቆመ ጠባቂ ምን ይሠራል? አጥሩ ይጠብቃቸዋል፤ አንቺ ወደ ትምህርትሽ ትመለሻለሽ። ደምለው ይሙት!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያን አጥር እንደ ሙሽራ ጠበቅሁት።

አጥሩን በሞተር ብስክሌት ጭነው ያመጡት አቶ ባምላኩ ናቸው። አቶ ባምላኩ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ፣ ሃይማኖታቸው ሌላ፣ አንደበታቸው ርቱዕ። ውኃ ሲጠማቸው «የአቅርቦት ክፍተት ገጥሞኛል» ይላሉ። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ጉድጓድ የሚከልሉበትን ዓይነት ብርቱካናማ የፕላስቲክ መረብ አመጡልን፤ እኛ የባሕር ዛፍ አጣና ቆረጥን። የመጀመሪያው አጣና ሊተከል ሲል እጃቸውን አነሡ።

«ዛሬ የምንተክለው አጥር አይደለም! አስተሳሰብ ነው!»

አጨበጨብን። አስተሳሰቡ ወደቀ። ድንጋይ ደግፈን መልሰን ተከልነው።

ክፍሎቹን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል፣ እያልሁ እስከ አራተኛ። በጎቹ አንደኛን በጥሩ ውጤት ጨረሱ። ሣሩን እስከ ሥሩ ላጩት። አጥሩን ነቅለን ወደ ሁለተኛ ክፍል አዛወርናቸው፤ እኔም ደብተር ይገዛልኝ ብዬ ለእናቴ ነገርኋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። በእኛ አገር ሰው ይሄዳል፣ ከብት ይሄዳል፣ ወንዝ ይሄዳል፤ አጥር ግን አይሄድም። የሄደ ጊዜ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወደ ጎረቤት መሬት። ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ከጎረቤታችን ከአያ ጓዴ ድንበር ጋር ትዋሰናለች። አያ ጓዴ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ፣ ትናንት ማዶ የነበረው ብርቱካናማ መረብ አፍንጫቸው ሥር ቆሞ አገኙት።

«ደምለው!»

«አቤት ጓዴ!»

«አጥርህ ትናንት እዚያ ማዶ ነበር።»

«ነበር።»

«ዛሬ እዚህ መጥቷል።»

«መጥቷል።»

«ነገስ የት ሊያድር አስቧል? እኔ ቤት?»

«ኧረ ነገማ ይዞራል! ተንቀሳቃሽ ነው!»

«የአባትህም የድንበር ድንጋይ ተንቀሳቃሽ ነበር! ዘር ከልጓም ይስባል!»

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ተቀመጡ። አቶ ባምላኩ በሙያቸው እንዲያስረዱ ተጠሩ። አለመጠራታቸው ይሻል ነበር።

«ክቡራን አባቶች፣ አጥሩ በየጊዜው ወደፊት ይገሠግሣል…»

«ሰማችሁ?» አያ ጓዴ ብድግ አሉ። «ወደፊት ይገሠግሣል አለ! ወደፊት ያለሁት እኔ ነኝ!»

ሽማግሌዎቹ አማተቡ። አቶ ባምላኩ ነገሩን ሊያለዝቡ «ከዚያም ዑደቱን ጨርሶ እንደገና ይመጣል» ሲሉ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንደገናም?» ብለው ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ።

ፍርዱ ሳይዘገይ ተሰጠ። አጥሩ ከነበጎቹ ወደ መጀመሪያ ቦታው ይመለስ፤ ከተመለሰ በኋላ ማንም እንዳይነካው ይገዘት ተባለ። ግዝት ማለት ለእኛ ቀልድ አይደለም። የፖሊስ ትእዛዝ የሻረ ሰው ብቸና ሄዶ ይታሰርና ይፈታል፤ ግዝት የሻረ ሰው ግን በሰማይም በምድርም መግቢያ የለውም። አጥሩን አንደኛ ክፍል ላይ መልሰን ተከልን፤ የቀበሌያችን ቄስ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን አወጡ።

«ከእንግዲህ ይህን አጥር የነቀለ፣ የገፋ፣ ያነቃነቀ፣ በር የከፈተበት፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን!»

«አሜን!» አሉ አያ ጓዴ፣ ወንዝ ማዶ እስኪሰማ።

«አሜን!» አሉ አባቴ፣ ከዚያ በላይ ጮኸው። አያ ጓዴም ከእንግዲህ አጥሩን ሊገፉት አይችሉማ! ብልሃት ይሏል ይህ ነው።

አቶ ባምላኩም፣ ግዝቱ ባይመለከታቸውም፣ እንደ ባለድርሻ አካል «አሜን» አሉ።

አባቴ ድል አድርገው ራት ቀረቡ። እናቴ እንጀራውን እየዘረጋች ቀስ ብላ ጠየቀች።

«አንቱ፣ እንግዲህ አጥሩ አይነቃነቅም አይደል?»

«ወንድ ይንካውና!»

«በርም አይከፈትበትም?»

«ምን ሲደረግ!»

«በጎቹ ውስጥ ናቸው አይደል?»

«ውስጥ ናቸው።»

«ሣሩ ያለው ውጭ ነው አይደል?»

የአባቴ ጉርሻ አፋቸው አጠገብ ደርሶ ቆመ። ያን ጉርሻ እስካሁን አልረሳውም፤ እንደ በጎቹ መሄጃ አጥቶ ቀረ።

«አንሥተን ብናወጣቸውስ?» አልሁ እኔ።

«አውጥተን የት? ከአጥር ውጭ የሚጋጥ ልቅ ግጦሽ ነው። ልቅ ግጦሽ በቀበሌው ተከልክሏል።»

«ማን ከለከለው?»

አባቴ ድምፃቸውን ቀነሱ። «በስብሰባው ላይ ይከልከል ብዬ እጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው።»

በማግስቱ ወደ ቄስ ገብረ ማርያም ሮጡ። ቄሱ የሉም። ለመስከረሙ የማርያም በዓል ወደ መርጡለ ማርያም ሄደዋል፤ የጽጌንም ወራት እዚያው በሱባኤ ሊያሳልፉ ነው ተባለ። ሌላውን ቄስ ቢለምኗቸው «ያሰረ ይፍታ፤ እኔ የሰው ቋጠሮ አልፈታም» አሏቸው። መርጡለ ማርያም ድረስ ሰው ተላከ፤ አባ ሱባኤ ላይ ስለሆኑ ሰው አያነጋግሩም የሚል መልስ ይዞ መጣ። አባቴ መንገድ ላይ ተቀምጠው «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አሉ። የእኛ አጥር እሾህ እንኳ የለውም። ፕላስቲክ ነው።

ስለዚህ በጎቹ አንደኛ ክፍልን ደገሙ። ሣሩ አልቆ አፈር ቀረ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ክፍል ሣሩ እስከ ጉልበቴ አድጎ በነፋስ ይወዛወዛል፤ በጎቹ አፍንጫቸውን በመረቡ ቀዳዳ አውጥተው ያሸቱታል። እንዳይሞቱ ማጭድ ያዝሁ። ከሁለተኛ ክፍል አጭጄ፣ ተሸክሜ፣ በመረቡ ላይ አንደኛ ክፍል እወረውራለሁ። ውኃም እንደዚሁ። ድሮ በጎቹ ሲዞሩ እኔ ጥላ ሥር እቀመጥ ነበር። በዘመናዊው አሠራር በጎቹ ተቀመጡ፤ እኔ ዞርሁ።

«አባዬ፣ ትምህርቱስ?»

«አባ እስኪመለሱ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ከዚያ አንድ ቀን አቶ ባምላኩ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ዘለው ወረዱ። ነገ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። መረቡን አዩ፤ አፈሩን አዩ፤ ላብ አጠመቃቸው።

«ዙሩ የታለ? አቶ ደምለው፣ ዙሩን ምን አደረጉት?»

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ የሣር ነዶ ተሸክሜ ከኋላ ደረስሁ። ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁ፣ አፌ ደግሞ ከድሮም አያርፍም።

«ጋሼ ባምላኩ፣ አይጨነቁ። ሌላ አገር በጎቹ ወደ ሣሩ ይዞራሉ፤ እኛ ጋ ግን ሣሩ ነው ወደ በጎቹ የሚዞረው።»

ሽሙጥ ነበር። መድኃኔ ዓለምን ሽሙጥ ነበር! ሽሙጥ ግን የተማረ ሰው ፊት ሲነገር አደጋ አለው፤ ሐሳብ ነው ብሎ ይቀበለዋል። አቶ ባምላኩ ሞተራቸውን አጠፉ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምሁት።

«የተሻሻለ ፈረቃ!» ጮኹ። «በጉ በመንከራተት ጉልበት አይጨርስም! ሣሩ አይረገጥም! አጥሩ በመነቀል አያረጅም!»

«እኔስ?» አልሁ።

«አንቺ የሰው ኃይል ነሽ።»

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ተደነቁ። አባቴ ሹም ፊት ምላሳቸው ስለሚታሰር ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ከሮብ ገበያ ከተማ መጡ። እነሱ ሲሄዱ ከየጁቤ መጡ። የየጁቤዎቹ ሲሄዱ የሌላው ይመጣል። አጥሩ ቆሟል፣ በጎቹ ቆመዋል፤ በዚያ ጓሮ በትክክል የሚዞሩ እንግዶቹ ብቻ ነበሩ። እንዲያርፍ የተተወውን አራተኛ ክፍል ፎቶ እየተነሡ ረጋግጠው ጨረሱት።

«እህቴ፣ አጥሩ በየስንት ጊዜው ይነቃነቃል?» አለኝ አንድ ወፍራም እንግዳ።

«ኧረ አይነቃነቅም።»

«ተንቀሳቃሽ አይደል እንዴ?»

«ተንቀሳቃሽ ነው። ግን ዲሲፕሊን አለው።»

ጭብጨባው በጎቹን አስበረገገ።

ክፋቱ በጎቹ ወፈሩ። ቆመው እየተመገቡ ለምን አይወፍሩ? ቢከሱ ኖሮ ነገሩ ይቀር ነበር፤ እኔም ነፃ እወጣ ነበር። የቀበረኝ ስኬቱ ነው። አያ ጓዴ እንኳ መረቡ ላይ ተደግፈው የሙክቱን ጭራ ሲያዩ ቆዩና «ደምለው፣ ለእኔም እንዲህ ያለ የማይነቃነቅ ተንቀሳቃሽ አጥር አስመጣልኝ» አሉ።

የጽጌ ወራት አለቀና ቄስ ገብረ ማርያም ተመለሱ። መምጣታቸውን ስሰማ ማጭዴን ጥዬ ሮጥሁ። መስቀላቸውን ተሳልሜ እጃቸውን እየጎተትሁ ጓሯችን አደረስኋቸው። መረቡን፣ በጎቹን፣ አጭጄ የወረወርሁትን ሣር አዩ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም ገባቸው።

«አይ ልጄ፣ ለካ በጎቹንም አብሬ ገዝቻቸዋለሁ! በሉ ልፍታችሁ» ብለው መስቀላቸውን ሲያወጡ፣

«አባ!» አባቴ ከቤት ዘለው ወጡ። «እባክዎ እንዳይነኩብን!»

«ምን?»

«አጥሩ ከተነቃነቀ እኮ ሞዴልነታችን ቀረ!»

አቶ ባምላኩም ደረሱ። «አባታችን፣ ግዝቱ ለዘላቂነቱ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። ስለ ጽናቱ ከልብ እናመሰግናለን።»

«የእኔም አጥር ሲመጣ ይገዝቱልኛል» አሉ አያ ጓዴ ከድንበሩ ማዶ።

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ካባቸው መለሱ። «ዕድሜዬን ሙሉ አስሬያለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ፈትቻለሁ። ታስሮ የሚያመሰግን ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ብለው ሄዱ።

ማታውኑ አባቴን ጠየቅሁ። «አባዬ፣ ‹አባ እስኪመለሱ› ብለኸኝ ነበር» ልል አፌን ከፍቼ፣ በንዴት «አንተ» ልላቸው እንደ ነበር ገብቶኝ ዋጥሁት። በወጉ አስተካክዬ ስጠይቅ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ትምህርት ምን ሊያደርግልሽ? የተማረው ሁሉ በመኪና እየመጣ አንቺን እየሰማ አይደለም እንዴ!»

እናቴ ከጓዳ «መኪናው ሲሄድ ግን እሷን ይዟት አይሄድም» አለች። አባቴ አልሰማሁም አሉ።

በኅዳር ወር ከዕለታት በአንዱ ጠዋት አቶ ባምላኩ «ዛሬ የሚመጡት ልዩ እንግዶች ናቸው» አሉኝ። መኪና አልነበረም። በእግር፣ በሰልፍ፣ አቧራ እያስነሡ የመጡት የእኛው ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ከፊት ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር የሺጥላ፤ ከመሐል መክሊት፣ ደብተሯን አቅፋ።

እኔ ነዶ ተሸክሜ ነበር። ላወርደው ፈለግሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ።

መክሊት ከሰልፉ ወጥታ ተጠጋችኝ። «ሰብልዬ! አንቺ፣ በጎቹ ከአንቺ ይልቅ አምሮባቸዋል እኮ።»

«እነሱን የሚመግባቸው ሰው አለ።»

«የስንተኛ ክፍል ናቸው?»

«አንደኛ። ሦስት ጊዜ ደግመው ነው።»

ሳቃችን ሳያልቅ አቶ ባምላኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውድ ተማሪዎች! ይህችን እህታችሁን ተመልከቱ! የሴቶችን ተሳትፎ በተግባር ያረጋገጠች! ከየወረዳው የሚመጣ አመራር ከእሷ ይማራል! እናንተም እንደ እሷ ትምህርታችሁን ጠንክራችሁ ብትከታተሉ…»

መክሊት እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ እሷ እኮ አትማርም።»

«አትማርም ማለት?»

«አቋርጣለች።»

«ለምን አቋረጠች?»

«አሁንማ እንግዶቻችሁን ለማስጎብኘት ነዋ።»

በጎቹ ራሳቸው ማመንዠካቸውን ያቆሙ መሰለኝ። መምህር የሺጥላ መነጽራቸውን አወለቁና አባቴን አዩአቸው።

«አቶ ደምለው፣ እውነት ነው?»

አባቴ አጥሩን አዩት፤ እንዲያግዛቸው ይመስል። «እስከ… እስከ ሽግግሩ ድረስ ነው፣ መምህር።»

«ወዴት ነው የሚሸጋገሩት?»

ያኔ ነዶውን አወረድሁት። ማጭዱን ከላዩ አስቀመጥሁ፤ ነጠላዬን ከአቧራው አራገፍሁና መክሊት አጠገብ ተሰለፍሁ።

«ሰብለ ወንጌል!» አሉ አቶ ባምላኩ ደንግጠው። «ከሰዓት በኋላ እንግዳ አለ! በጎቹን ማን ያበላል?»

«ጋሼ፣ በጎቹ የአባቴ ናቸው፤ አጥሩ የእርስዎ ነው፤ ጭብጨባውን ለሁለታችሁ ትቼላችኋለሁ። የቀረ የእኔ ዕቃ ካለ ይንገሩኝና ይዤ ልሂድ።»

አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን በመምህርና በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት፣ ሞዴል አርሶ አደር ሆኖ «ልጄ አትማርም» ማለት አይቻልም። ዘጉት። መምህር የሺጥላ «ሰልፉ ይቀጥል» አሉ፤ ቀጠለ፤ እኔም ቀጠልሁ።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት። እንግዶቹ ሲደርሱ በጎቹ በረኃብ እየጮኹ ነበር አሉ። አባቴ እንግዳ ሊቀበሉ ቆመው ላብ ስላጠመቃቸው፣ አቶ ባምላኩ ኮታቸውን አውልቀው፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ማጭድ ይዘው ሁለተኛ ክፍል ገቡ።

«እንዴት አጨዱ ታዲያ?» አልኋት።

«እንደ ንግግራቸው ነው ልጄ። እጃቸው ብዙ ይወራጫል፤ የሚወድቀው ሣር ግን ለአንድ ግልገል አይበቃም።»

እንግዶቹ ግን እንባ እስኪተናነቃቸው ተደነቁ። ሣር የሚያጭድ ባለሙያ አይተው አያውቁም። ወዲያው አቅጣጫ ተቀመጠ፤ ይህ ወርቃማ ተሞክሮ እንዲሰፋ፣ አቶ ባምላኩም በየቀኑ በጎቹን በገዛ እጃቸው እየመገቡ ለሌሎች ባለሙያዎች እንዲያሳዩ።

በማግስቱ በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ በቄስ ገብረ ማርያም ደጃፍ አለፍሁ። አቶ ባምላኩ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ መዳፋቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከደጁ ቆመዋል።

«አባታችን፣ ስለ ፈጠረዎት! ያን አጥር ይፍቱልን! ዛሬውኑ!»

ቄሱ በሩን ገርበብ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። ቸኩለው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልቸኮሉም።

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ነገ ተመለስ።»

ያን ቃል አቶ ባምላኩ ለባለጉዳይ ሁሉ ሲናገሩት ነው የኖሩት፤ ሲባሉት ምን እንደሚመስል ገና ያን ጠዋት ሰሙት። እኔ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ብዬ አለፍሁ፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ነበር።